ኦክስጅን ያጠረውን የውቅያኖስ ውሃ በሃይላንድ ጠርሙስ መሥራት፦ ለሰሜን ሸዋ መምህራንና የሳይንስ ክበቦች

ከባሕር ርቆ 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ላለ የደብረ ብርሃን ተማሪ የውቅያኖስ ጥልቅ ውሃ የሩቅ ወሬ ነው። እዚያ ናይትሮጅንን የሚያጠፉት ባክቴሪያዎች ግን ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ዘመዶች በበሬሳ ወንዝ ዳር ጭቃም፣ በእነዋሪ ዋልካም አሏቸው። አራት ባዶ ሃይላንድ፣ ግማሽ ኪሎ ጭቃ፣ ጥቂት አቼቶና የናይትሬት መመርመሪያ ወረቀት ካገኛችሁ፣ በአረብ ባሕር ሆድ ውስጥ የሚካሄደውን ዋና ነገር በአንድ ሳምንት ገደማ ክፍል ውስጥ ማሳየት ትችላላችሁ።

ጠርሙሱ የሚያሳየው ምንድን ነው?

በአረብ ባሕር ሰሜናዊ ክፍል፣ ከ150 ሜትር ገደማ እስከ 1000 ሜትር ጥልቀት ድረስ ያለው ውሃ መሃሉ ላይ ኦክስጅን የለውም ማለት ይቻላል። በሜክሲኮና በፔሩ ዳርቻዎች ትይዩም እንዲሁ ያሉ ሰፋፊ የውሃ ክፍሎች አሉ። ውሃውን እንዲህ ያደረገው ጨዋማነቱም ጥልቀቱም አይደለም። ምግቡ በብዛት ይወርዳል፣ ኦክስጅኑ ግን ያን ያህል አይተካም፤ ነገሩ ይኸው ነው። እኛ ዘንድ ክረምት ሲሆን የደቡብ ምዕራብ ሞንሱን ነፋስ በሶማሊያና በኦማን ዳርቻ የላይኛውን ውሃ ይገፋና ንጥረ ነገር ያዘለው የታችኛው ውሃ ይወጣል። አልጌው ይንሰራፋል፣ ሲሞት ይሰምጣል፣ ባክቴሪያው እየበላው ኦክስጅኑን ይጨርሳል።

ከዚያ በኋላ ባክቴሪያው አይቆምም። እንጨት ያለቀበት ቤት ኩበት እንደሚያነድ፣ ኦክስጅን ሲያልቅ ናይትሬት፣ ማለትም ናይትሮጅንና ኦክስጅን የተጣመሩበት ንጥረ ነገር፣ ይተካል፤ የሚገኘው ጉልበት ከኦክስጅኑ ብዙም አያንስም። መንገዱ ደረጃ አለው፦ ናይትሬት ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይት ወደ ናይትሪክ ኦክሳይድ፣ ከዚያ ወደ ናይትረስ ኦክሳይድ፣ በመጨረሻም ወደ ናይትሮጅን ጋዝ። ጋዝ ከሆነ በኋላ አብዛኛው ሕይወት ያለው ነገር አይጠቀምበትም፤ ከውሃው ማዳበሪያ ላይ ተቀነሰ ማለት ነው። ይህ ዲናይትሪፊኬሽን ይባላል። እነዚያ ሦስት ቦታዎች ከውቅያኖሱ ጥቂቱን ብቻ ቢይዙም፣ ውቅያኖስ ከሚያጣው ናይትሮጅን ሲሶ ያህሉ የሚጠፋው በእነሱ ውስጥ እንደሆነ ይገመታል።

ጠርሙሳችሁ የሚያሳየው ይህንን ነው፦ ኦክስጅን ሲያልቅ፣ ምግብ ሲኖርና ባክቴሪያው በሕይወት ሲኖር ናይትሬት ይጠፋል። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ምን እንደሚሆን ጎን ለጎን ካላሳያችሁ ሙከራው ጨዋታ እንጂ ማስረጃ አይሆንም። አራት ጠርሙስ ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

ጭቃና ውሃ

ጭቃውን ውሃ ከማይደርቅበት ቦታ፣ ከወንዝ ዳር ኩሬ ወይም ከረግረግ አውጡ። ላይኛውን ቡናማ ሽፋን ግፉና ከሥሩ ያለውን ጠቆር ያለ፣ ትንሽ የሚሸት ደለል ያዙ። 500 ግራም ይበቃል። ጠጠሩንና ሥሩን ልቀሙ፣ ደህና አድርጋችሁ አደባልቁ፤ ካልተደባለቀ አራቱ ጠርሙሶች እኩል አይጀምሩም። ከፋብሪካ ወይም ከጋራዥ ፍሳሽ መውረጃ በታች አትውሰዱ። ጓንት አድርጉ።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው በክፍት ባልዲ ውስጥ ለአንድ ቀን ይደር። ከማሳደራችሁ በፊት በመመርመሪያ ወረቀት ናይትሬቱን እዩ። የጉድጓድ ውሃ ከሆነ አስቀድሞ ናይትሬት ሊኖረው ይችላል፤ ያንን ሳታውቁ ከጀመራችሁ ቁጥሩ ሁሉ ይዛባል።

ጨው አትጨምሩ። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ጨው አለው፣ «እንግዲያውስ እኛም እንጨምር» የሚል ተማሪ አይጠፋም። የበሬሳ ባክቴሪያ ግን ጨዋማ ያልሆነ ውሃ ነዋሪ ነው፤ 35 ግራም ጨው ሲወርድበት አብዛኛው ይደክማል ወይም ይሞታል፤ እናንተም «አልሠራም» ብላችሁ ትደመድማላችሁ። ባሕሩን ባሕር ያደረገው ጨው ቢሆንም፣ ኦክስጅን አልባ ያደረገው ጨው አይደለም።

ናይትሬቱ

የላብራቶሪ ፖታሲየም ናይትሬት ካለ 4.1 ግራም መዝኑና ውሃ ጨምራችሁ 250 ሚሊ ሊትር ላይ አድርሱት። ከዚህ 10 ሚሊ ሊትሩ በ1 ሊትር ውሃ ውስጥ 100 ሚሊ ግራም ናይትሬት ይሰጣል። ፖታሲየም ናይትሬት ካልተገኘ ለማዳበሪያነት የሚሸጠው ካልሲየም ናይትሬት ይሆናል፤ ናይትሮጅኑ 15.5 በመቶ የሚል ጽሑፍ ካለበት 3.9 ግራም በ250 ሚሊ ሊትር አድርጉ። ይህ ማዳበሪያ ከአየር ላይ እርጥበት ስለሚስብ፣ የረጠበ ከሆነ ሚዛኑ ያታልላችኋል።

ዩሪያ አይሆንም። ብዙዎች «ናይትሮጅን 46 በመቶ ነው» ብለው እሱን ይጨምራሉ። ዩሪያ በባክቴሪያ ተፈትቶ አሞኒየም ይሆናል፤ አሞኒየም ወደ ናይትሬት የሚለወጠው ኦክስጅን ሲኖር ነው። በተከደነ ጠርሙስ ውስጥ አሞኒየም እንደሆነ ይቀራል፣ የናይትሬት ወረቀታችሁም ምንም አያሳይም። የጠፋ ነገር ሳይሆን ያልተጀመረ ነገር ነው። ኤንፒኤስም ናይትሮጅኑ አሞኒየም ስለሆነ እንደዚያው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ለተማሪ ንገሩ፦ በአረብ ባሕር ጥልቅ ውሃ ያለው ናይትሬት በሊትር 2 ሚሊ ግራም አይሞላም። እናንተ 50 እጥፍ ያህል የጨመራችሁት ወረቀቱ እንዲያነበውና በሳምንት ውስጥ ለውጥ እንዲታይ ብላችሁ ነው።

ምግቡ

አቼቶ ከስኳር ይሻላል። ስኳር ይቦካል፤ አሲድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያመጣል፤ ጠርሙሱ ሲነፋ ናይትሮጅን ይሁን የቡኮ ጋዝ አታውቁም። 5 በመቶ የሚል አቼቶ 25 ሚሊ ሊትር ውሰዱ፣ 2.5 ግራም ቤኪንግ ሶዳ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፣ አረፋው ሲበርድ በውሃ 100 ሚሊ ሊትር ሙሉት። ለአንድ ሊትር ጠርሙስ 10 ሚሊ ሊትር ከዚህ ይበቃል። ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነገር ነው፣ አሲድና ስታርች ስላለበት አትተኩት።

«ጥቂት ቢበዛስ?» ለሚል፦ ምግብ ሲበዛና ናይትሬት ሲያንስ አንዳንዱ ባክቴሪያ ናይትሬቱን ጋዝ ከማድረግ ይልቅ ወደ አሞኒየም ይመልሰዋል። ወረቀቱ ላይ ናይትሬት ጠፍቷል፣ ናይትሮጅኑ ግን ጠርሙሱ ውስጥ አለ። ናይትሬት አልቆ ምግብ ከተረፈ ደግሞ ተራው የሰልፌት ይሆናል፤ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ያኔ ነው። ልኩን የወሰንነው ናይትሬቱን ለመጨረስ ከሚያስፈልገው እጥፍ ገደማ እንዲሆን ነው፤ ከፊሉ ባክቴሪያው ለሚያድግበት፣ ጥቂቱም መጀመሪያ ላይ ለቀረው ኦክስጅን ይሄዳል።

አራቱ ጠርሙሶች

በባልዲ ውስጥ 5 ሊትር ያደረ ውሃ አድርጉና 50 ሚሊ ሊትር የናይትሬት ውሃ ጨምራችሁ አማስሉ። አራቱም ጠርሙስ ከዚህ አንድ ባልዲ ይቀዳል። ጠርሙሶቹ ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ ይሁኑ፣ ክዳናቸው የማያፈስ።

አንደኛው 100 ግራም ጭቃና 10 ሚሊ ሊትር ምግብ ይገባበታል። ሁለተኛው ጭቃ ብቻ፣ ያለ ምግብ። ሦስተኛው የተገደለ ጭቃና ምግብ። አራተኛው ሕያው ጭቃና ምግብ ሆኖ ሳይከደን የዓሣ ገንዳ ፓምፕ ቀንና ሌሊት አየር ይነፋበታል፤ እሱን አንገቱ ድረስ አትሙሉት፣ ይገነፍላል።

ሦስቱን የሚከደኑትን ግን እስከ አፍ ድረስ ሙሉ። ውሃውን በቱቦ ከታች ጀምራችሁ በቀስታ ልቀቁ፤ ከላይ ካፈሰሳችሁት አየር ይዞ ይገባል። ጎኑን ጫን አድርጋችሁ ውሃው ከአፉ ሲፈስ ክደኑ፤ ከክዳኑ ሥር የቀረ የአየር አረፋ ኦክስጅን እያቀበለ ያዘገያል። በጥቁር ፌስታል ሁለት ጊዜ ጠቅልሉ። ብርሃን ካገኘ አልጌ ይበቅላል፤ አልጌው ኦክስጅን ይሰጣል፣ ናይትሬቱንም ራሱ ይወስዳል፤ ሁለቱም ውጤታችሁን ያበላሻሉ።

ጭቃውን መግደል በእኛ ከፍታ ሥራ አለው። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ማፍላት ብቻ የባክቴሪያ ዘር (ሙቀት ችሎ የሚተኛውን ስፖር) አይገድልም። የቤት ፕሬዠር ኩከርም በዝቅተኛ አገር እንደሚደርሰው 121 ዲግሪ አይደርስም፣ 115 አካባቢ ነው። ስለዚህ ጭቃውን በማሰሮ ወይም ሙቀት በሚችል ብርጭቆ አድርጋችሁ በኩከሩ ውስጥ ለ1 ሰዓት ቀቅሉት፣ ተከድኖ በክፍል ሙቀት ይደር፣ በማግስቱ እንደገና 1 ሰዓት። ሌሊቱን የሚነቃው ዘር በሁለተኛው ይሞታል። ይህን ጠርሙስ የሚሞላውን ናይትሬት ያለበትን ውሃም አፍልታችሁ አቀዝቅዙት፤ ክዳኑንና ጠርሙሱን በበረኪና አጥባችሁ በፈላ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁ፣ ጠርሙሱ እንዳይጨማደድ ትንሽ የቀዘቀዘ ይሁን። እንዲያም ሆኖ ከሳምንት በኋላ ሊነቃ ስለሚችል ከ8 ቀን በላይ አትመኑት።

ሙቀት

የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት በደብረ ብርሃንና በመንዝ ውርጭ ይዞ ይመጣል። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲወርድ የባክቴሪያው ፍጥነት በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። 20 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ክፍል ውስጥ አንደኛው ጠርሙስ ከ4 እስከ 8 ቀን ውስጥ ናይትሬቱን ይጨርሳል፤ ቀዝቃዛ ክፍል ከሆነ እጥፉን ጠብቁ። አራቱንም በአንድ ካርቶን ውስጥ አድርጋችሁ በጋቢ መጠቅለል ይረዳል። አራቱ አንድ ቦታ ይቀመጡ፤ አንዱ መስኮት ሥር፣ አንዱ ምድጃ አጠገብ ከሆነ የለካችሁት ሙቀትን ነው። ሸዋ ሮቢት ያላችሁ ደግሞ ይህ ችግር የለባችሁም፣ እንዲያውም በየቀኑ ካልለካችሁ ያመልጣችኋል።

ከፍታው በአንድ ነገር ይረዳናል። በባሕር ወለል ከፍታ በ15 ዲግሪ ውሃ በሊትር 10 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ በደብረ ብርሃን አየር ሥር 7 ያህል ነው የሚይዘው። ባክቴሪያው የሚጨርሰው ኦክስጅን ገና ከመነሻው ያነሰ ነው።

ኦክስጅኑ ማለቁን በዓይን ማየት ከፈለጋችሁ ሌላ ግማሽ ሊትር ጠርሙስ አዘጋጁ፦ 50 ግራም ጭቃ፣ ናይትሬት የሌለው ውሃ፣ 5 ሚሊ ሊትር ምግብና 1 በመቶ የሆነ ሜቲሊን ብሉ ሁለት ጠብታ። ኦክስጅኑ ሲያልቅ ሰማያዊው ይነጣል፤ ከፍታችሁ ስትንጡት ይመለሳል። ናይትሬት ያለበት ውስጥ አትጨምሩት። ናይትሬት እስካለ ድረስ ኦክስጅኑ አልቆም ሰማያዊው ላይለቅ ይችላል፣ ቀለሙም ለባክቴሪያው መርዝነት አለው።

መለካት

በሚከደኑት ላይ በየቀኑ አንድ ሰዓት መርጣችሁ ለኩ። ባለ 5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ጫፍ ላይ ቁራጭ የግሉኮስ ቱቦ ሰክታችሁ ከውሃው መሃል 3 ሚሊ ሊትር ሳቡ፣ ጠርሙሱን ጎኑን ጫን አድርጋችሁ ውሃው አፉ ድረስ ሲደርስ ክደኑ። ለእያንዳንዱ ጠርሙስ የራሱ ሲሪንጅ ይኑረው፤ ከአንደኛው ወደ ተገደለው ከተዛወረ ሦስተኛው ሕይወት ዘራ ማለት ነው። ጭቃ ያደፈረሰው ውሃ የወረቀቱን ቀለም ስለሚሸፍን በቡና ማጣሪያ ወረቀት አሳልፉት።

ናይትሬትና ናይትራይት አብሮ የሚያነብ ወረቀት ምረጡ። 1 ሰከንድ ነክራችሁ አራግፉ፣ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ጊዜ ጠብቁ፣ አብዛኛው 1 ደቂቃ ነው። ብዙ ቆይቶ የተነበበ ወረቀት ይጠቁራል፣ ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል። ማሸጊያው ተከፍቶ የከረመና እርጥበት ያገኘ ወረቀት አይታመንም፤ አስቀድማችሁ በባልዲው ውሃ ፈትኑት፣ 100 አካባቢ ማንበብ አለበት።

የመጀመሪያው ቀን ጠርሙሱ ውስጥ 100 ሳይሆን 80 ወይም 90 ብታነቡ አትደንግጡ፤ በጭቃው ውስጥ ያለው ውሃ አቅጥኖት ነው። ከዚያ የሚጠበቀው እንዲህ ነው። በአንደኛው ናይትሬት ይወርዳል፣ መሃል ላይ ናይትራይት ብቅ ይልና ይበዛል፣ በኋላ እሱም ይጠፋል። ይህ መሃል ላይ የሚመጣ ናይትራይት ትልቅ ነገር ነው፤ በአረብ ባሕርም ኦክስጅን በሌለበት ጥልቀት ናይትራይት ተከማችቶ ይገኛል። በሁለተኛው ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ከአንደኛው እኩል ከወረደ ጭቃችሁ ራሱ ብዙ ብስባሽ አለበት ማለት ነው። ሦስተኛው ባለበት ይቆያል። አራተኛው አይወርድም፣ ወይም ጥቂት ይጨምራል፦ አየር ያገኙ ሌሎች ባክቴሪያዎች የጭቃውን አሞኒየም ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ።

የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። ወረቀቱ ናይትሬትን የሚያነበው ወደ ናይትራይት ለውጦ ስለሆነ፣ ናይትራይት በበዛበት ቀን የናይትሬቱም ቁጥር ከፍ ብሎ ይታያል። «ናይትሬቱ ተመልሶ መጣ» አትበሉ፤ በወረቀቱ ላይ ያሉትን የሁለቱን ሳጥን፣ የናይትሬቱንና የናይትራይቱን፣ ንባብ አብራችሁ ጻፉ።

በክፍል ኬሚስትሪ የሚታወቀው የቡናማ ቀለበት ሙከራ ናይትሬት አለ ወይም የለም ከማለት አያልፍም፣ ናይትራይትም ያሳስተዋል፣ የከረረ ሰልፈሪክ አሲድም ይፈልጋል። ለዚህ ሥራ አልመክርም።

ካልሠራ

የአንደኛው ጠርሙስ ናይትሬት በ8 ቀን ካልወረደ መጀመሪያ አየር የገባበትን ፈልጉ፦ የላላ ክዳን፣ ከላይ የቀረ አረፋ፣ በቀን ሦስት ጊዜ የሚከፍት ተማሪ። ቀጥሎ ፒኤች ለኩ፤ ከ6 በታች ከሆነ ቤኪንግ ሶዳው አንሷል። ሙቀቱን እዩ። እነዚህ ደህና ከሆኑ ጭቃው ነው፤ ደርቆ የከረመ አሸዋማ ጭቃ ብዙ ቀን ይፈልጋል። ሦስተኛው አብሮ ከወረደ ደግሞ ጥፋቱ የአገዳደሉ ነው፣ ሙከራው ከዜሮ ይጀመር። በግማሽ የተገደለ ጭቃ ይዞ ስለ ባክቴሪያ መናገር አይቻልም።

ደጋግሞ መክፈት ሌላም መዘዝ አለው። የመጨረሻውን ደረጃ፣ ናይትረስ ኦክሳይድን ወደ ናይትሮጅን የሚለውጠው ኢንዛይም መዳብ የያዘ ነው፣ ከሁሉም በላይ ኦክስጅን ይጎዳዋል። ጥቂት አየር በገባ ቁጥር ሥራው እዚያ ይሰነካከላል፣ ናይትረስ ኦክሳይድ ይወጣል። በውቅያኖስም ኦክስጅን ባለውና በሌለው ውሃ ድንበር ላይ የሚሆነው ይኸው ነው፤ ይህ ጋዝ በ100 ዓመት ሲሰላ በክብደት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 270 ጊዜ ያህል የበለጠ ያሞቃል።

አረፋ ብዙ አትጠብቁ። 100 ሚሊ ግራም ናይትሬት ሁሉ ናይትሮጅን ቢሆን በእኛ የአየር ግፊት ከውሃው የሚወጣው ጋዝ በሊትር ከ20 ሚሊ ሊትር ብዙም አይበልጥም፣ ከፊሉም ጭቃው ውስጥ ተይዞ ይቀራል። ጠርሙሱን በጣት መታ መታ ስታደርጉት ከጭቃው ጥቃቅን አረፋ ይነሳል።

ጠርሙሱ የማያሳየው

በ1995 እ.ኤ.አ. ከኔዘርላንድስ ዴልፍት ከተማ የፍሳሽ ማጣሪያ ጥናት አንድ ሌላ መንገድ ታወቀ፦ አሞኒየምና ናይትራይት ኦክስጅን ሳይኖር ተገናኝተው ናይትሮጅን ጋዝ ይሆናሉ። አናሞክስ ይባላል። በ2003 እ.ኤ.አ. በጥቁር ባሕር ውሃ ውስጥ እንደሚሠራ ተረጋገጠ፤ በባሕር ውስጥ የሚገኙት የስካሊንዱዋ ዘር ናቸው። እነዚህ ባክቴሪያዎች እጥፍ ለመሆን ሁለት ሳምንት ገደማ ስለሚፈጅባቸው በሳምንት ጠርሙስ ውስጥ አይታዩም። በባሕር ላይ ሁለቱን መንገድ የሚለዩት ከባድ ናይትሮጅን፣ ናይትሮጅን-15፣ ጨምረው የሚወጣውን ጋዝ በማስ ስፔክትሮሜትር በመመዘን ነው። ስለዚህ ተማሪው ሪፖርቱ ላይ «ናይትሬት ጠፋ፣ ባክቴሪያው ሲሞት አልጠፋም» ብሎ ይጻፍ፤ «ሁሉም ናይትሮጅን ጋዝ ሆነ» ለማለት በእጁ ማስረጃ የለውም።

አምስተኛ ጠርሙስ፦ ዋልካ

ከእነዋሪ ወይም ከየትኛውም ዋልካ መሬት 100 ግራም የማሳ አፈር አምጡ፣ ደቅቁት፣ በዚያው የባልዲ ውሃ ያለ ምግብ ሙሉና ክደኑ። ናይትሬቱ የሚወርደው ከወንዝ ጭቃው ዘግይቶ ነው፣ ይወርዳል ግን። ሐምሌና ነሐሴ ውሃ በተኛበት ማሳ የሚሆነው ይህ ነው፦ በዘር ጊዜ የተጣለው ዩሪያ አሞኒየም፣ ቀጥሎም አየር ባለው የላይኛው አፈር ናይትሬት ይሆናል፤ ከዚያ ውሃ ሲተኛበት ወደ አየር ይሄዳል። ሰፊ መደብና ቦይ የሚያወጣ ገበሬ ለሥሩ ኦክስጅን ከማስገኘቱ ጋር ናይትሬቱንም ያተርፋል። ቦዩ የለም ከተባለ ቢያንስ ፈሰሱ ይጠረግ፣ ዩሪያውም ተከፍሎ ትልቁ ድርሻ ስንዴው ግንድ ማብዛት ሲጀምርና ውሃው ከማሳው ሲወርድ ይሰጥ፤ በተኛ ውሃ ላይ አይበተን።

ከጨረሳችሁ በኋላ

ጠርሙሱን በውጭ፣ ፊታችሁን አርቃችሁ ክፈቱ። ውሃው ናይትራይት ሊኖረው ስለሚችል በግና ከብት ወደሚጠጣበት አታፍስሱት፤ ሣር ላይ በትኑት፣ ጭቃውን ቅበሩ። የተረፈው ፖታሲየም ናይትሬት እሳት የሚያባብስ ነገር ነውና በደረቅ ብልቃጥ ተከድኖ፣ ስም ተጽፎበት፣ ከስኳር፣ ከድኝና ከክብሪት ርቆ በተቆለፈ ቁም ሣጥን ይቀመጥ።